ገጀራ ከመያዛችሁ በፊት

ጉንደ ወይን በምሥራቅ ጎጃም የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳው በሰሜን በኩል እስከ ዓባይ ይወርዳል፤ ከወንዙ ማዶ ደቡብ ጎንደር ነው። በዚህ አገር ሰው ለገበያ፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶ ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርደው በእግር መንገድ ነው። ተመላላሽ ያጣ መንገድ ግን ብዙ ክረምት ሳይቆጠር ዳዋ ይለብሳል።

እናንተም ከቤተ ክርስቲያናችሁ ባለትዳሮች ጋር እንዲህ ያለውን መንገድ በነጻ ለመጥረግ ብትነሡ እሰየው ነው። ነገር ግን ሕዝቡን ከመጥራታችሁ በፊት ጥቂት ሆናችሁ ውረዱና እዩት። ነህምያ ኢየሩሳሌም ገብቶ ሦስት ቀን ከቆየ በኋላ፣ በሌሊት ጥቂት ሰዎች ይዞ የፈረሰውን ቅጥር ዞሮ አየ፤ ለሹማምንቱ ገና አልነገራቸውም ነበር። እኔን ሁልጊዜ የሚይዘኝ የተቀመጠበት እንስሳ ማለፊያ ያጣበት ስፍራ ነው። የፍርስራሹን ወሬ በሱሳ ሰምቶ አልቅሶ ነበር፤ እዚያ ግን በዓይኑ አየው።

እናንተስ ምን ታያላችሁ? አስቀድማችሁ የውኃውን መሄጃ እዩ። ቀጥ ብሎ ቁልቁል የሚወርድ መንገድ በክረምት ጎርፍ ይሄድበትና ቦረቦር ይሆናል። ቁጥቋጦውን ብቻ መንጥሮ መመለስ አፈሩን ለጎርፍ መስጠት ነው፤ ውኃው ወደ ጎን የሚወጣበትን ቦታ ፈልጋችሁ ምልክት አድርጉ። ቀጋውና አጋሙ የአንድ ገበሬ አጥር ሊሆን ይችላል፤ ዛፉም ቀፎ ተሰቅሎበት ይሆናልና ሳትጠይቁ አትቁረጡ። ደግሞ ወንዶች ብቻ ለቅኝት አትሂዱ። መንገዱ የት እንደሚያዳልጥ ውኃ የሚቀዱት እናቶች ያውቃሉ፤ ለሴት ደግሞ አጫውተው ይነግራሉ።

ከሞጣ በኩል ተወርዶ የሚደረሰው ሰባራ ድልድይ ለዚህ ምስክር ነው። በአፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራው ይህ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ፈረሰ፤ ሰውም ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተሳበ ተሻገረ። ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ ይህን በመጽሔት ፎቶግራፍ አይቶ ልቡ ተነካ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ከአካባቢው ሰዎች ጋር ጠገነው። በ2005 ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው። እነርሱ ግን ተመልሰው በ2009 የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ሠሩ። በበጋ ወርዶ የሚያይ ሰው የክረምቱን ዓባይ አያየውም። ስለዚህ ሽማግሌዎቹን አባባ፣ እማማ ብላችሁ ትልቁ ሙላት የት ደርሶ እንደነበር ጠይቁ፤ ድንጋዩን በጣታቸው ያሳዩአችኋል።

ከ2023 ወዲህ ክልሉ በግጭት ብዙ ተጎድቷል። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት በዚያ ላሉት ወገኖች ደውሉና የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። ከፈቀዱላችሁ ጥቅምት ላይ ውረዱ፤ ጎርፉ የሄደበት ፈለግ ያኔ ገና ይታያል።