በለካነውና በተናገርነው መካከል

የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች ሥራቸውን በአጭሩ በሚያቀርቡበት እንዲህ ባለ መድረክ ላይ የፊዚክስ፣ የዕፅዋት ሳይንስና የትምህርት ጥናት ጽሑፎች ጎን ለጎን ይታተማሉ። አብዛኛው አንባቢ የራሱን ዘርፍ አንብቦ የቀረውን ያልፋል፤ ይህም የሚያስወቅስ አይደለም፤ እያንዳንዱ ዘርፍ የራሱ ቋንቋና የራሱ ልማድ አለውና። እኔ በሙያዬ የአፈርና የሰብል ሰው ብሆንም ሦስቱንም ማንበብ እወዳለሁ። ባነበብሁ ቁጥርም ከርእሶቹ መራራቅ በስተጀርባ ሦስቱን የሚያስተሳስር አንድ ጥያቄ እየጎላ ይታየኛል፦ ተመራማሪው በእጁ የለካው ምንድን ነው? በማጠቃለያው የተናገረውስ ስለ ምንድን ነው? ሁለቱ አንድ የሚሆኑበት ጊዜ ጥቂት ነው። በመካከላቸው ድልድይ አለ፤ ጸሐፊው ድልድዩ በምን ላይ እንደ ቆመ ሳይነግረን ሲቀር፣ ተማምኖ የሚሻገርበት ሰው ለጉዳት ይጋለጣል።

ከራሴ ሙያ ልጀምር። የአፈርን አሲዳማነት ለካን ስንል በእርግጥ የለካነው የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ነው። የፒኤች መለኪያው የመስታወት ኤሌክትሮድ በፈሳሽ ውስጥ ሲነከር የሚፈጠረውን የቮልቴጅ ልዩነት ያነባል፤ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለአንድ የፒኤች እርከን ልዩነቱ 59 ሚሊቮልት ያህል ነው። ሙቀቱ ሲለወጥ ይህ ቁጥር ይለወጣል፤ ስለዚህም መሣሪያው ፒኤቻቸው አስቀድሞ በሚታወቅ ፈሳሾች ይስተካከላል። አፈሩም ቢሆን እንዳለ አይለካም፤ ደርቆ፣ ደቅቆ፣ ተነፍቶና ከውኃ ጋር ተበጥብጦ ነው የሚለካው። በውኃ ፈንታ በፖታስየም ክሎራይድ ሙሙት ከተበጠበጠ ንባቡ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ይላል። እንግዲህ በአንዱ ጽሑፍ «5.2» የተባለውና በሌላው «5.2» የተባለው፣ በምን ተበጥብጦ እንደ ተለካ ካልተጻፈ በቀር፣ ቁጥራቸው አንድ ቢሆንም የሚናገሩት ነገር አንድ ላይሆን ይችላል።

ይህ ከቤተ ሙከራ ግድግዳ ውጭ ትርጉም የሌለው ዝርዝር አይደለም። በጎጃምና በወለጋ ዝናቡ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ለዘመናት አጥቦ የወሰደበት ሰፊ የእርሻ መሬት አሲዳማ ሆኗል። ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም በአፈሩ ውኃ ውስጥ እየሟሟ የሰብሉን ሥር ይጎዳል፤ ሥሩ አጥሮና ደንድኖ ይቀራል፤ ማዳበሪያ ቢጨመርም ፎስፎረሱ በአፈሩ ስለሚያዝ በቂው ለተክሉ አይደርስም። መድኃኒቱ ኖራ ነው። ሆኖም ኖራ ከባድ ዕቃ ነው፤ ለአንድ ሄክታር በርካታ ኩንታል ያስፈልጋል፤ ማጓጓዣውም ቀላል ወጪ አይደለም። አርሶ አደሩ «የመሬቴ ፒኤች ስንት ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው «ስንት ኩንታል ኖራ ላምጣ?» ብሎ ነው። ለዚህ ጥያቄ ፒኤች ብቻውን መልስ አይሰጥም። የሁለት ማሳዎች ፒኤች እኩል 5.0 ቢሆን፣ አንዱ አሸዋማ ሌላው ሸክላማና ብስባሽ የበዛበት ከሆነ፣ ሁለተኛው የበለጠ ኖራ ይፈልጋል፤ በሸክላውና በብስባሹ ላይ ተይዞ የተቀመጠው አሲድ በፈሳሹ ውስጥ ከሚነበበው እጅግ ይበዛልና። ስለዚህ የኖራ ምክር የሚሰጥ ጥናት ይህን ተይዞ የተቀመጠ አሲድ ለይቶ መለካት ይኖርበታል። ፒኤችን ብቻ ለክቶ ስለ ኩንታል የሚናገር ጽሑፍ ድልድዩን ሳይሠራ ተሻግሯል።

ስለ ናሙና አወሳሰድ ከመማሪያ መጻሕፍት ይልቅ ያስተማሩኝ አንድ አዛውንት አርሶ አደር ናቸው። በተለመደው መመሪያ መሠረት ከማሳቸው የተለያዩ ቦታዎች አፈር አንሥተን፣ ቀላቅለን አንድ ናሙና ለማድረግ ስንዘጋጅ፣ «ልጄ፣ ከየት በኩል ልታነሣው ነው?» አሉኝ። ዕቅዱን ሳስረዳቸው «ይኸኛው ጥግ እኮ የድሮው ቤታችን የነበረበት ነው፤ ዐመዱም ፍጉም ሲደፋ የኖረው እዚህ ነው። ወዲያ ያለው ግን ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ ሲታረስ የኖረ ነው። ሁለቱን ብትደባልቃቸው የማን መሬት ይሆናል?» አሉ። ምክራቸውን ተቀብለን ሁለቱን ለየብቻ አነሣን። ነገሩ በሳይንሱም የታወቀ ነው፤ ዐመድ አሲዳማነትን ይቀንሳል፤ የጓሮ መሬትም ከሩቅ ማሳ ይለያል። ሁለቱ ተደባልቀው የሚሰጡት ቁጥር በማሳው ላይ የትም የሌለ መሬትን ይገልጻል። ፒኤች ደግሞ በሎጋሪዝም የተሠራ ሚዛን በመሆኑ አማካዩ ራሱ ያታልላል፦ የ4 እና የ6 አማካይ በወረቀት ላይ 5 ነው፤ የሃይድሮጅን አዮኑን መጠን አማካይ ወስደን ወደ ፒኤች ብንመልሰው ግን 4.3 ይሆናል።

የምርት ጥናትም እንዲሁ ነው። በአንድ የጤፍ ሙከራ ከመደቡ መካከል 2 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ቦታ ታጭዶና ተወቅቶ ይመዘናል እንበል። ስፋቱ 4 ካሬ ሜትር ነው፤ ወደ ሄክታር ለመለወጥ ክብደቱ በ2,500 ይባዛል። በዚህ ጊዜ የሚባዛው ምርቱ ብቻ አይደለም፤ ስሕተቱም አብሮ ይባዛል። ከመደቡ የጎደለ ወይም በመደቡ ላይ የተጨመረ 40 ግራም በሄክታር 100 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 1 ኩንታል ይሆናል። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ፣ 1,000 ፍሬ ተሰብስቦ ግማሽ ግራም አይሞላም፤ ይህን ያህል እህል በሸራ እጥፋትና በነፋስ ቢባክን ልብ የሚለው ሰው የለም። ከዚህም በላይ የሙከራው ጤፍ በጥንቃቄ ታጭዶ በሸራ ላይ ይወቃል፤ የአርሶ አደሩ ጤፍ ግን ተከምሮ ይሰነብታል፤ በአውድማ ላይ በበሬ ይበራያል፤ በነፋስ ይለያል። በሁለቱ መንገዶች የሚባክነው እህል እኩል አይደለም። እኛ የለካነው ከ4 ካሬ ሜትር ላይ በጥንቃቄ የሰበሰብነውን ነው፤ የምንናገረው ግን ጎተራ ስለሚገባው ምርት ነው።

በዚህ ረገድ ከጥንታዊ መለኪያዎቻችን የምንማረው ነገር አለ። «ጥማድ» የተባለው የመሬት መለኪያ ሁለት በሬዎች ተጠምደው በአንድ ቀን የሚያርሱት መሬት ማለት ነው። በሜትር መለካት ለለመደ ሰው ይህ ጉድለት ይመስለዋል፤ ስፋቱ እንደ አፈሩ፣ እንደ ተዳፋቱና እንደ በሬዎቹ ጉልበት ይለያያልና። ነገር ግን ቃሉ የተለካው ምን እንደ ሆነ አይደብቅም፤ የተለካው የአንድ ቀን ድካም ነው። ሄክታር ከጥማድ የበለጠ ትክክለኛ መለኪያ መሆኑ አያጠያይቅም። ሆኖም በሄክታር መናገራችን፣ ቁጥሩን ከምን ተነሥተን እንዳገኘነው የመግለጽ ግዴታችንን አላስቀረልንም።

በትምህርት ጥናት ድልድዩ ይበልጥ ይረዝማል፤ የሚለካው ሰው ነውና። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ እንዲሰጥ ሲደረግ፣ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 ከመቶ ሆኑ። ቁጥሮቹ ብዙዎችን አስደንግጠዋል። ግን የለኩት ምንድን ነው? የተቆጠረው በተወሰኑ ቀናት፣ ብዙዎቹ ተማሪዎች ከቤታቸው ርቀው፣ በእንግሊዝኛ ለተጻፉ ጥያቄዎች የመረጧቸው ትክክለኛ መልሶች ብዛት ነው። የተነገረው ግን ስለ ዕውቀት፣ ስለ መምህራን ብቃት፣ አንዳንዴም ስለ ትውልድ ነው። ውጤቱ ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም፤ ኩረጃን መከላከል ራሱ መለኪያን ማጥራት ነው። ነገር ግን የፊዚክስ ጥያቄ የሳተ ተማሪ የሳተው ፊዚክሱን ይሁን ወይስ የጥያቄውን ቋንቋ፣ ቁጥሩ ብቻውን አይነግረንም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ ስላደረገ፣ ይህ ጥያቄ የሚመለከተው ጥቂት ተማሪዎችን አይደለም። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን በእንግሊዝኛና ተማሪዎቹ አፋቸውን በፈቱበት ቋንቋ አዘጋጅቶ፣ በዕጣ ለተከፈሉ ሁለት ቡድኖች በመስጠት የሁለቱን ድርሻ መለየት ይቻላል። ይህም ከአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ዐቅም በላይ የሆነ ሥራ አይደለም።

በንባብ ምዘናም ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሣል። በ2010 እ.ኤ.አ. በ6 የአገራችን ቋንቋዎች የተካሄደው የዝቅተኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከመለኪያዎቹ አንዱ ያደረገው፣ ተማሪው በደቂቃ ስንት ቃላት በትክክል እንደሚያነብ ነበር። ይሁን እንጂ ቃል በየቋንቋው እኩል ሸክም አይሸከምም። «ስላልነገርኋቸው» አንድ የአማርኛ ቃል ነው፤ ምክንያቱን፣ አሉታውን፣ ግሱን፣ ተናጋሪውንና የተነገራቸውን ሰዎች በአንድነት አዝሏል። እንግሊዝኛ ይህንኑ ለማለት 6 ቃላት ያስፈልጉታል። አጻጻፉም ይለያያል፤ የግእዝ ፊደል አንዱ ምልክት ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ሲይዝ፣ አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል ለየብቻ ይጽፋቸዋል። ስለዚህ በደቂቃ 30 ቃል ያነበቡ ሁለት ሕፃናት፣ ቋንቋቸው ከተለያየ፣ እኩል አንባቢ ናቸው ወይም አይደሉም ለማለት ቁጥሩ አይበቃም። በአንድ ቋንቋ ውስጥ ተማሪን ከተማሪ ለማነጻጸር የሚያገለግል መለኪያ፣ ክልልን ከክልል ለማወዳደር ሲውል ሌላ ድልድይ ይፈልጋል።

ሦስቱም ዘርፎች ይህን ድልድይ ለመሥራት ያዳበሯቸው ልማዶች አሏቸው። የፊዚክስ ተመራማሪ መሣሪያውን ከታወቀ መለኪያ ጋር ሳያመሳክር አያምነውም፤ ከቁጥሩ ጎንም የሚጠራጠርበትን ልክ ይጽፋል። የግብርና ሳይንስ፣ ሮናልድ ፊሸር በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በሮታምስተድ የምርምር ጣቢያ ከሠራው ሥራ ወዲህ፣ መደቦችን በዕጣ ይመድባል፤ ሙከራውን ይደጋግማል፤ የመሬቱን ልዩነት ከዝርያው ልዩነት ለመለየት ይጥራል። የትምህርትና የሥነ ልቡና ጥናት ደግሞ፣ በተለይ ሊ ክሮንባክና ፖል ሚል በ1955 እ.ኤ.አ. ስለ ፈተናዎች ተገቢነት ካሳተሙት ጽሑፍ ወዲህ፣ «ይህ ውጤት ይወክለዋል የተባለውን ነገር በእርግጥ ይወክላልን?» ብሎ መጠየቅን ደንብ አድርጎታል። እኔ በአፈር ሥራዬ ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ከትምህርት ተመራማሪዎች ተውሼ እጠቀምበታለሁ። እነርሱም ከፊዚክስ ሰዎች የጥርጣሬን ልክ መጻፍን ቢዋሱ፣ በመቶኛ ነጥቦች ላይ የሚነሣው ክርክር ብዙው በረደ ማለት ነው።

የአጭር ጽሑፍ ፈተናው ግን ሌላ ነው። ገጽ ሲጠብብ በቅድሚያ የሚቆረጠው የአሠራር ዘዴው ክፍል ነው፤ ሰንጠረዡና ምክረ ሐሳቡ ይተርፋሉ። እንዲህ ሲሆን የተለካው ከገጹ ይወጣና የተነገረው ብቻውን ይቀራል። ጽሑፉን የሚያነብ የግብርና ባለሙያ ወይም የትምህርት ቢሮ ሠራተኛ ደግሞ የሚፈልገው ምክሩን ነው፤ ምክሩ በምን ላይ እንደ ቆመ ካላየ የሚሠራበትን ቦታ ከማይሠራበት መለየት አይችልም። ስለዚህ በዚህ መድረክ የሚጽፉ ባልደረቦቼን የምለምነው ሦስት ዐረፍተ ነገሮችን እንዳይቆርጡ ነው። የመጀመሪያው «በእጄ የለካሁት ይህ ነው» ይበል። ሁለተኛው «የተናገርሁት ስለዚህ ነው» ይበል። ሦስተኛው «ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገርሁት ይህን በመገመት ነው፤ ግምቱ የማይሠራውም እዚህ ላይ ነው» ይበል። ሦስቱ ተደምረው ግማሽ አንቀጽ አይሞሉም። ቦታ ከጠበበ ከመግቢያው አንድ አንቀጽ ቢቀነስ ይሻላል፤ ኖራ የሚያጓጉዘው አርሶ አደርና በፈተና ውጤት መንገዱ የሚወሰንበት ተማሪ በመግቢያችን ማማር የሚያገኙት ጥቅም የለምና።