የሎሜ ጨርቅ ነጋዴዎችና ልጆቻቸው

አንባቢያችን፣ ከቦሌ ተነሥተው በኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ምዕራብ ቢበሩ፣ አህጉራችንን አቋርጠው በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ካለችው የቶጎ ዋና ከተማ ከሎሜ ይደርሳሉ። ሎሜ በድንበር ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ምዕራባዊ ጫፏን ሲረግጡ የጋናዋ አፍላዎ ከፊትዎ ትገኛለች፤ ሴቶቹም ዕቃቸውን በራሳቸው ላይ ተሸክመው ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ሲመላለሱ ያያሉ።

እኛን የሚመለከተው ቁም ነገር ያለው ግን በገበያው ነው። «አሲጋሜ» ይሉታል፤ ትልቁ ገበያ ማለት ነው። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1902 ካሠሩት ካቴድራል አጠገብ ይገኛል። እዚህ ጨርቅ የሚሸጡት ሴቶች ናቸው። ከነዚህም መካከል ስማቸው ከአፍሪካ አልፎ የተሰማው «ናና ቤንዝ» የተባሉት ናቸው። ናና በአገሩ ቋንቋ እናት፣ አያት እንደ ማለት ነው፤ ቤንዙ ደግሞ የሚነዱት መርቸዲስ ነው። መንግሥት እንኳ ትልቅ እንግዳ ሲመጣበት መኪናቸውን ይዋስ ነበር።

ሀብቱ ከየት መጣ? በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ጋና በውጭ ዕቃ ላይ ቁጥጥሩንና ቀረጡን ስታጠብቅ የጨርቁ ንግድ ወደ ሎሜ ዞረ። አብዛኞቹ ናናዎች ብዙ ትምህርት አልነበራቸውም። ሆኖም በሆላንድ አገር ሄልሞንድ ከተማ የሚሠራውን ዋክስ የተባለ ጨርቅ በጅምላ እየተረከቡ፣ ለቸርቻሪ በዱቤ እየሰጡ፣ ከናይጄሪያና ከኮንጎ ለሚመጣ ገዥ ያከፋፍሉ ነበር። አንዷ የያዘችውን የጥለት ዓይነት ሌላዋ እንዳትሸጥ ከአቅራቢው ጋር ይስማማሉ። ለጥለቱም ስም የሚያወጡት እነርሱ ናቸው። «ባሌ ይችላል» የሚባል አለ። የምትበር ወፍ ያለበት ደግሞ «ከወጣህ እወጣለሁ» ይባላል። ባለትዳር አንባቢዎቻችን ትርጉሙን ከእኛ አይጠብቁም።

በጥር 1994 የአገሩ ገንዘብ የሆነው ሴፋ ፍራንክ ዋጋው በግማሽ ወረደ። አንድ የፈረንሳይ ፍራንክ በ50 ሲመነዘር የነበረው 100 ሆነ። በአውሮፓ ገንዘብ የሚገዛ ጨርቅ ዋጋው በአንድ ጊዜ ምን እንደሚሆን ይገምቱት። ለልጇ ክርስትና አንድ ጣቃ፣ ማለትም 12 ያርድ፣ ትገዛ የነበረች እናት ግማሹን መግዛት አቃታት። ቸርቻሪዋ ዱቤዋን መክፈል ተሳናት፤ የናናዎቹም ዘመን ያን ጊዜ ተናጋ።

ከዚህ በኋላ የመጡትን ወጣት ሴቶች ሕዝቡ «ናኔት» ይላቸዋል፤ ትንሿ ናና እንደ ማለት። ከነዚህ ውስጥ የናናዎቹ ልጆች የሆኑና በናናዎቹ ገንዘብ ውጭ አገር ድረስ የተማሩ አሉ፤ ከታች ከመንገድ ዳር ሽያጭ ተነሥተው የደረሱም አሉ። እነዚህ ወደ ሆላንድ አልሄዱም። በ2000ዎቹ ዓመታት ጥለቱን ይዘው ወደ ቻይና በረሩ፤ ከፋብሪካው ጋር ተዋውለው፣ አሳትመው፣ በኮንቴይነር ወደ ሎሜ ወደብ አስመጡ። አንድ እግራቸው ቶጎ፣ አንዱ ቻይና ነው። ጨርቁ ከሆላንዱ በብዙ ይረክሳል።

አሮጌዎቹ ነጋዴዎች «ጥለታችንን ቀሙን» ይላሉ፤ ሐሰት አይደለም፣ ብዙው የተቀዳ ነበር። ይሁንና ገዥዋን ከጠየቁ መልሷ ሌላ ነው፤ ለበዓል አዲስ ልብስ እንደ ገና የቻለችው በነዚህ ወጣቶች ነው። ናኔቷም ቢሆን እንቅልፍ የላትም። ገንዘቧን አስቀድማ ከፍላ መርከብ ትጠብቃለች፤ በዚህ መካከል ጥለቷን ሌላ ነጋዴ አይቶ ካሳተመው ትርፏ ውኃ በላው። በገበያው ሕፃን በጀርባዋ አዝላ የምትሸጥ ሴት ማየት የተለመደ ነው። ወደ ቻይና የምትበረው ግን ልጇን አዝላ አትሄድም፤ እንደ አያት ያለ ሰው ከቤት ከሌለ ንግዱ አይሆንም። ይህን የሥራ ሰዓትና የሞግዚት ነገር ያስጨነቃት አንባቢያችን በቀላሉ ታውቀዋለች።

በጥር 2013 ደግሞ ገበያው በሌሊት ተቃጠለ። ሦስት ፎቅ ሕንፃ ሙሉ ጨርቅ እስኪነጋ ዐመድ ሆነ፤ የብዙ ሴቶች የዕድሜ ልክ ጥሪት አብሮ ነደደ። ሻጮቹ ግን በዙሪያው ባሉት መንገዶች እንደ ገና ዘርግተው ተቀመጡ።

እዚያ ገብተው መግዛት ካሰቡ፣ መጀመሪያ ጨርቁን ገልበጥ ያድርጉት፤ የእውነተኛ ዋክስ ቀለም በፊቱም በጀርባውም እኩል የደመቀ ነው። በአንድ ፊት ብቻ የታተመው ርካሹ ዓይነት ነው። ቀጥሎም ዳሩን ያንብቡ፣ የፋብሪካው ስም እዚያ ተጽፏል። ዋጋ ከመከራከርዎ በፊት የጥለቱን ስም ሻጯን ይጠይቋት፤ ሳቅ ብላ ትነግርዎታለች፣ ወንበርም ትስብልዎታለች።