ባሕር ላይ የሚነደው ማዳበሪያ

ዋራበሌ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በአገር ቤት የዘር ወቅት መቃረቡን የሚያውቀው ደመና አይቶ አይደለም፤ ከባድ መኪና አይቶ ነው። በጅቡቲ ወደብ ከመርከብ የተራገፈው ዩሪያ በጆንያ ተሞልቶ ወደ ጋላፊ ይጓዛል። ጆንያውን የሚሸከመውም ሆነ የሚያጓጉዘው ሰው ግን ጭነቱ ከምን እንደተሠራ የሚጠይቅበት ጊዜ የለውም።

የተፈጥሮ ጋዝ ከእንፋሎት ጋር፣ ኒኬል እያፋጠነው፣ ከ800 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ሲያልፍ ሃይድሮጅን ይገኛል። ሃይድሮጅኑ ከአየር ከተወሰደ ናይትሮጅን ጋር ተዋሕዶ አሞኒያ፣ አሞኒያው ደግሞ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ዩሪያ ይሆናል። ይኸው ጋዝ ነው በባሕር ላይ የነዳጅ ማውጫ መድረኮች ከድፍድፍ ነዳጅ ጋር ሲወጣ፣ የሚወስደው ቧንቧ በማጣት እንደ ችቦ የሚነደው። በዓለም ባንክ ግምት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በየብስም በባሕርም እንዲህ የተቃጠለው ጋዝ 148 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ነበር።

ታዲያ እዚያው መድረኩ ላይ ሃይድሮጅን ቢሠራበትስ? ሐሳቡ መልካም ነው፤ መድረኩ ግን ጠባብ ነው። የእያንዳንዱ ዕቃ ክብደት ይታሰባል፤ ጋዙም አንድ ቀን ይበዛል፣ ሌላ ቀን ያንሳል። ሃይድሮጅንን ፈሳሽ አድርጎ ለመጫን ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል፤ ለአሞኒያ 33 ይበቃል። ስለዚህ አሞኒያ አድርጎ ማጓጓዙ ይቀላል። ካርቦኑ ካልተያዘ ግን ጭሱ ከችቦው ወደ ፋብሪካው ተዛወረ እንጂ አልቀረም። ያም ሆኖ፣ ከከንቱ ነበልባል ይልቅ ለማሳ የሚሆን ነገር ማትረፉ አይናቅም።

መንገድ ያጣ ጋዝ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኦጋዴን የተገኘው የካሉብ ጋዝ አልነደደም፤ ከመሬት ሥር ቆየ እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2019 ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ባለው ቧንቧ ወደ ጅቡቲ ጠረፍ ለማድረስ ሁለቱ አገሮች ተፈራረሙ። ቧንቧው ሳይዘረጋ እ.ኤ.አ. በ2022 የአልሚው ኩባንያ ፈቃድ ተሰረዘ። እ.ኤ.አ. በ2025 ግን የካሉብ የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት ጎዴ ላይ በዚህ ጋዝ ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመሥራት ከዳንጎቴ ጋር ስምምነት ተፈረመ።

የጎዴው ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር በጋላፊ መንገድ የሚያልፈው ጆንያ መቀነሱ አይቀርም። ገበሬው ማዳበሪያውን ከቅርብ ያገኛል። በዚያ ጭነት ልጆቹን የሚያሳድገው ሹፌር ግን ሌላ ጭነት መፈለግ ይኖርበታል።