መኪናው ሳይገዛ ቢቱዋሑ ይጠየቅ



በአገር ቤት ሳለን በቅሎ የሚገዛ ሰው ብቻውን ገበያ አይወጣም ነበር። ዕድሜዋን ከጥርሷ የሚያውቅ፣ አካሄዷን አይቶ አመሏን የሚናገር ሽማግሌ አብሮት ይሄዳል። እዚህ እስራኤል ግን ብዙዎቻችን የመጀመሪያዋን መኪና የምንገዛው ቀለሟንና ዋጋዋን አይተን ነው። ከዋጋዋ ሌላ በየዓመቱ የሚከፈል ዋጋ አለ፤ እርሱም ኢንሹራንስ፣ በዚህ አገር አጠራር ቢቱዋሕ ነው።

ትልቁ ልጃችን ከሠራዊት ወጥቶ መንጃ ፈቃድ ባገኘ ጊዜ በቤታችን ተመካከርን። አያትን ኩፓት ሖሊም ማድረስ አለ፤ አውቶቡስ ሳይጀምር ሥራ መግባት አለ፤ አፉላ ዘመድ ሲሞት ከቅርያት መላኪ ተነሥቶ ለቅሶ መድረስ አለ። አንድ ዘመዳችን 2000 ሲሲ ሞተር ያላት ሰፊ መኪና በርካሽ አገኘልን። ሌላዋ 1300 ሲሲ የሆነች ትንሽ መኪና ስትሆን ዋጋዋ ጥቂት ከፍ ይል ነበር። ቀብድ ሳንሰጥ የሁለቱንም ቁጥር ይዘን ወደ ቢቱዋሕ ወኪል ሄድን። ልጁ እንደሚነዳ ተነግሮት ሲያሰላ፣ ርካሽ የተባለችው ውድ ሆና ተገኘች። ትንሿን ገዛን።

ወኪሉ ያስረዳንን እንንገራችሁ። የመጀመሪያው ቢቱዋሕ ሆቫ ይባላል፤ ያለ እርሱ መንዳት ወንጀል ነው። በ1975 በወጣው ሕግ መሠረት ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን ለተጎዳ ሰው አካል ይከፍላል። ለብረት ግን ምንም አይከፍልም። ሆቫ ሳይኖረው የነዳ ሰው ራሱ ቢጎዳ ካሣ አያገኝም፤ ሌላውን ቢጎዳ ደግሞ ቀርኒት የተባለው ፈንድ ለተጎጂው ከፍሎ ገንዘቡን ከነጂው ይጠይቃል። ሁለተኛው ጻድ ጊሜል ነው፤ የሌላውን ሰው መኪና ብንገጭ ይከፍልልናል። ሦስተኛው ማኪፍ የራሳችንንም መኪና፣ ስርቆትንም ይጨምራል።

የሆቫ ዋጋ በሞተሩ መጠን፣ በነጂው ዕድሜና ልምድ፣ ባለፉት አደጋዎች፣ እንዲሁም መኪናዋ እንደ ኤርባግ ያለ መከላከያ ስላላት ወይም ስለሌላት ይለያያል። ኩባንያዎቹ ብዙውን ጊዜ ከ24 ዓመት በታች የሆነውንና መንጃ ፈቃዱ ዓመት ያልሞላውን ለይተው ያስከፍላሉ። ስለዚህ አንድ ወኪል ብቻ አትጠይቁ። ኢንሹራንስን የሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሆቫን ዋጋ በኮምፒውተር የሚያወዳድር ማስያ አለው፤ ልጆቻችሁ ይክፈቱላችሁ።

እኛ ሆቫና ጻድ ጊሜል ወሰድን። ለአሮጌ መኪና፣ ያውም ለአዲስ ነጂ፣ ማኪፍ ከመኪናዋ ዋጋ ብዙውን የሚበላ ሆኖ አገኘነው። መኪናዋ ብትሰረቅ የሚተካልን እንደሌለ አውቀን ነው የፈረምነው፤ ከማኪፍ የተረፈውንም በየወሩ ለብቻ እናስቀምጣለን። በባንክ ብድር የገዛ ወይም መኪናው የእንጀራው ምንጭ የሆነ ሰው ሌላ ሊወስን ይችላል።

ከሁሉ የከበደን ግን ገንዘቡ አይደለም። ወረቀቱ በዕብራይስጥ ነው፤ የሚያነብልን ልጃችን ነው። አንዷን መስመር ሁለት ጊዜ አስነበብነው፤ «ማን እንዲነዳ ተፈቅዷል?» የምትለዋን። በእኛ ባህል ዘመድ ለሠርግ መኪና አውሱኝ ሲል እምቢ ማለት ነውር ነው። ወረቀቱ የማይፈቅድለት ሰው ነድቶ አደጋ ቢደርስ ግን ኩባንያው አልከፍልም ሊል ይችላል፤ ዕዳው የእርሱም የእኛም ይሆናል። ስለዚህ በቤታችን አንድ መልስ ቆርጠናል፤ «ቁልፉን አንሰጥም፤ እኛው እናደርሳችኋለን» እንላለን። እስካሁን የተቀየመን የለም።

ከመግዛታችሁ በፊት መኪናዋን ወደ መመርመሪያ ማዕከል ውሰዱ። ዕዳ ወይም እገዳ እንደሌለባት፣ ከስንት እጅ እንዳለፈች፣ የኪራይ መኪና እንደነበረችም አጣሩ። ዋጋዋን በሌዊ ይጽሐቅ የዋጋ ዝርዝር አስተያዩ። ቢቱዋሑ ሳይከፈል ሞተር አታስነሡ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና፣ አንድ ሳምንት መዘግየት አይጎዳም።

በሰላም ያግባን፤ በሰላም ያውጣን።