ጄኔሬተር ከመግዛታችሁ በፊት

«ጄኔሬተር ልገዛ ነው፣ ስንት ኪሎዋት ይበቃኛል?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። እኔ የኤሌክትሪክ ባለሙያ አይደለሁም። ነገር ግን የአባቴ ትንፋሽ በመብራት ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ፣ ጉዳዩን ከብዙ ሰው በላይ ማጥናት ነበረብኝ። ስለዚህ ለሚጠይቁኝ ሁሉ መጀመሪያ እኔው መልሼ እጠይቃለሁ፦ መብራት ሲጠፋ እናንተ ቤት የሚጎዳው ማን ነው?

አንዳንዱ «ኧረ ማንም አይጎዳም፤ ስልክ ይዘጋል፣ ዋይፋይ ይጠፋል፣ በጨለማ እንቀመጣለን» ይለኛል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት ጄኔሬተር አያስፈልግም ባይ ነኝ። ስድስት ኤልኢዲ አምፖሎች ተደምረው 60 ዋት ገደማ ቢወስዱ ነው። ዋይፋዩ 10 ዋት አካባቢ ነው። አንድ ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪና አንድ ኢንቨርተር ያለ ድምፅና ያለ ጭስ ያስመሻችኋል። ፍሪጁን ደግሞ ካልከፈታችሁት ለአራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ዝም ብላችሁ ተዉት።

እኛ ቤት ግን ነገሩ ሌላ ነው። አባቴ ሳንባቸው ደክሞ በኦክስጅን ማሽን ነው የሚተነፍሱት። ማሽኑ አየሩን ስቦ ኦክስጅኑን ለይቶ ይሰጣቸዋል፤ ለዚህም 350 ዋት ያህል ኤሌክትሪክ ቀንም ሌሊትም ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ይጮኻል። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እኛ በደቂቃ ነው የምንቆጥረው።

መጀመሪያ ያሰብነው ባትሪ ነበር። ሒሳቡ ቀላል ነው። ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። የተለመደው የእርሳስ ባትሪ ቶሎ እንዳይሞት ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል። ስለዚህ የሚቀረን 600 ነው፤ ለ350 ስታካፍሉት፣ ኢንቨርተሩ የሚበላውንም ስትቀንሱ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ሊቲየም ቢሆን ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይሄዳል። የእኛ ሰፈር መብራት ደግሞ ማታ ጠፍቶ ጠዋት የሚመጣበት ጊዜ አለ። ባትሪ ጊዜ ይገዛል እንጂ ሌሊቱን አያሻግርም። ጄኔሬተር የግድ ሆነ።

መርካቶ ስሄድ ሻጩ አንዱን ማሽን መታ መታ እያደረገ «ወንድሜ፣ ይኼ 3 ኪሎዋት ነው፤ ቤቱን ሙሉ ያስነሳልሃል» አለኝ። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ጄኔሬተሩ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቁጥር ተጽፏል። ትልቁ ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚችለው ነው፤ ትንሹ ደግሞ ሳይቋረጥ ሊሰጥ የሚችለው። ሻጭ የሚነግራችሁ ትልቁን ነው፤ የምትገዙት ግን ትንሹን ነው።

ትንሹም ቁጥር ቢሆን የተለካው ለዝቅተኛ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች። አየሩ ስስ ነው፤ ሞተር ደግሞ በአየር ነው የሚሠራው። በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ይቀንሳል። እኛ ጋ ሲደርስ አንድ አራተኛ ገደማ ጠፍቷል ማለት ነው። 2 ኪሎዋት የተባለው 1.5 ይሰጣችኋል። ቤንዚንም አብዝቶ ይጠጣል፣ ካንዴላውም ቶሎ ይጠቁራል። አባቴ ይህንን ስነግራቸው ሳቁ። «እሱም እንደኔ ትንፋሽ አጥሮታል በለኛ» አሉኝ።

ቀጥሎ የመጣው የምጣድ ነገር ነው። እናቴ «ልጄ፣ ይኼን ሁሉ ገንዘብ አውጥታችሁ እንጀራ ካልጋገረ ምን ይሠራል?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ሊጥ ቦክቶ መብራት መጠበቅን የምታውቀው እሷ ነች። ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ ለብቻው 3.5 ኪሎዋት ያህል ይፈልጋል፤ የአባቴን ማሽን አሥር እጥፍ። ምጣዱን ከሒሳቡ ውስጥ ካስገባን የምንገዛው ጄኔሬተር እጥፍ ይሆናል፣ ዋጋውም፣ የሚጠጣው ቤንዚንም እንደዚሁ። የኦክስጅን ማሽኑ፣ ፍሪጁ፣ አምፖሎቹና ዋይፋዩ ብቻ ሲደመሩ ግን 600 ዋት አይሞሉም። ፍሪጅ ሲነሳ ለቅጽበት የመደበኛውን ብዙ እጥፍ ስለሚስብ፣ ለሱም ቦታ ትተን፣ ከፍታውንም ቀንሰን፣ ሳይቋረጥ 2.5 ኪሎዋት የሚሰጥ፣ ኢንቨርተር ያለው ጄኔሬተር መረጥን። ኢንቨርተር ያለውን የመረጥነው የሚሰጠው ኃይል ለሕክምና ማሽን የተስተካከለ ስለሆነ ነው። እናቴም በመጨረሻ «እሱ ይተንፍስ፣ እንጀራው ይደርሳል» ብላ ዘጋችው።

ከመግዛት በኋላ ያለው ከመግዛቱ ይበልጣል። የጄኔሬተር ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በዝግ ቤት ከሰል አንድዶ የተኛን ሰው የሚገድለው ያው መርዝ ነው። ሽታ የለውም። ስለዚህ በረንዳ ላይ፣ ደረጃ ሥር፣ ጋራዥ ውስጥ ብሎ ነገር የለም። ከቤቱ ስድስት ሜትር ያህል ይራቅ፣ ማርሚታው ከመስኮት ይዙር፤ ከራሳችሁ መስኮት ብቻ ሳይሆን ከጎረቤትም መስኮት።

ሌላው፣ ሁለቱም ጫፉ ወንድ የሆነ ገመድ ሠርቶ ጄኔሬተሩን ግድግዳ ሶኬት ላይ የሚሰካ ሰው አለ። ይህ ወንጀል ነው ብል አላጋነንኩም። ኤሌክትሪኩ በቆጣሪው በኩል ወደ ውጭ ይወጣል፤ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ጋ ሲደርስ ወደ ኋላ ዞሮ 15,000 ቮልት ሊሆን ይችላል። እንጨቱ ላይ ወጥቶ የእናንተኑ መብራት እየጠገነ ያለው ሠራተኛ መስመሩ ሞቷል ብሎ ነው የሚነካው። ቼንጅ ኦቨር አስገጥሙ፤ በባለሙያ።

ነዳጁንም አስቡበት። የእኛ ዓይነቱ በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ቤንዚን ይጠጣል፤ ሌሊቱን ሙሉ ስምንት ሊትር በሉት። ቤት ውስጥ ብዙ ቤንዚን ማስቀመጥ አደጋ ነው፤ ወራት ሲያስቆጥር ደግሞ ይበላሻል። በወር አንድ ቀን አስነስታችሁ አሠሩት። ለክፉ ቀን የተገዛ ዕቃ በክፉ ቀን አልነሳም ሲል ማየት አትፈልጉም።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ ይቀድማል፦ ኤሌክትሪክ የማይፈልግ መጠባበቂያ። ለእኛ የኦክስጅን ሲሊንደር ነው። ባለ 10 ሊትሩ በ150 ባር ሲሞላ 1,500 ሊትር ኦክስጅን ይይዛል፤ ሐኪም በደቂቃ 2 ሊትር ላዘዘለት ሰው 12 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ስለዚህ የእኛ ቤት ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መብራት ሲጠፋ ባትሪው ወዲያው ይቀበላል፣ በዚያ መሐል ጄኔሬተሩ ይነሳል፣ ሁለቱም እንቢ ካሉ ሲሊንደሩ አለ።

የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ «ከእንግዲህማ ጄኔሬተር ምን ያደርጋል?» ያለኝ ወዳጅ ነበር። በ5,150 ሜጋዋቱ እኔም እኮራለሁ። ነገር ግን ኃይል ማመንጨት አንድ ሥራ ነው፣ እስከ ሶኬት ማድረስ ሌላ ሥራ። በዝናብ የወደቀ እንጨት፣ የተቃጠለ ትራንስፎርመር፣ ያረጀ ሽቦ ባለበት ሰፈር መብራቱ ይጠፋል። ይህ እስኪስተካከል ድረስ፣ ቢያንስ ለጥገና ታስቦበት የሚቋረጥ መብራት ሲኖር፣ የመተንፈሻ ማሽን ያለበት ቤት ቀድሞ ተመዝግቦ ቀድሞ ቢነገረው ብዙ ወጪ የለውም። ነገሩ አንድ ዝርዝርና አንድ ስልክ ነው።

እኛ አቅማችንን አሟጠን ገዛን። ያልቻለ ቤተሰብስ? በየሰፈሩ ማሽኑ ሲጮኽ በማራገቢያ ሌሊቱን የሚያነጋ ሰው አለ። እናንተ ጄኔሬተር ያላችሁ ሰዎች፣ ከጎናችሁ ማን እንደታመመ ጠይቁ። 350 ዋት ለእናንተ ማሽን ምንም አይደለም፤ ቴሌቪዥኑንና ውሃ ማፍያውን ማጥፋት ብቻ ነው የሚፈልገው። ወፈር ያለ የማራዘሚያ ገመድ ገዝታችሁ አስቀምጡ፤ በአጥሩ ላይ የሚደርስ ይሁን።