ገለባ ተሸክሞ ጎተራ መግባት

ገበሬ ገለባውን ከነፍሬው ተሸክሞ ጎተራ አይገባም። እዚያው አውድማ ላይ አበራይቶ፣ በመንሽ አዝርቶ፣ ፍሬውን ብቻ ያስገባል። ሶፍትዌር ሠሪዎች ግን ይህን ብዙ ጊዜ ይረሱታል።

በስልክ ገንዘብ በተላከ ቁጥር አንድ ትንሽ መልእክት ይፈጠራል። እንዲህ ያለውን የማያቋርጥ ጎርፍ ከሚያስተናግዱት ሶፍትዌሮች ስመ ጥሩ ካፍካ ነው፤ ሊንክድኢን ውስጥ ተሠርቶ በ2011 እ.ኤ.አ. ለሁሉም ክፍት ሆነ። (ስሙ ከደራሲው ፍራንዝ ካፍካ የተወሰደ ነው።) ካፍካ መልእክቶቹን ፓርቲሽን በሚባሉ ብዙ ሰልፎች ያከፋፍላቸዋል። አንድን ሰልፍ የሚያነበው አንድ ማሽን ነው። ማን የት ይሰለፍ የሚለውን የሚወስነው “ቁልፍ” ነው፤ ለምሳሌ የሂሳብ ቁጥር። አንድ ዓይነት ቁልፍ ያላቸው ሁሉ አንድ ሰልፍ ይገባሉ።

ለምን ቢሉ፣ ካፍካ ቅደም ተከተል የሚጠብቀው በአንድ ሰልፍ ውስጥ ብቻ ነው። አንዲት እናት ልጇ 2000 ብር ልኮላት ወዲያው 1500ውን ለመድኃኒት ልትከፍል ብትል፣ ገቢውና ወጪው በተለያየ ሰልፍ ከገቡ ወጪው ሊቀድም ይችላል። “ቀሪ ሂሳብዎ በቂ አይደለም” ትባላለች። ብሩ እያለ፣ ፋርማሲው በር ላይ።

በሂሳብ ቁጥር መክፈል ይህን ያድናል፤ ሌላ ጣጣ ግን ያመጣል። በቀን ከሺዎች ገንዘብ የሚቀበል ነጋዴ ካለ ሁሉም አንድ ሰልፍ ላይ ይከመራል። ከ20 ማሽን አንዱ ሲታፈን ሌሎቹ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። አለቆች ታዲያ “ማሽን ጨምሩ!” ይላሉ። ከንቱ ወጪ! ያንን ሰልፍ የሚያነበው ያው አንዱ ነው። ሰልፍ ቢጨመርም ምደባው በሰልፉ ብዛት ስለሚሰላ፣ ትናንት 3ኛው ሰልፍ ላይ የነበረ ሂሳብ ዛሬ 7ኛው ላይ ሊገኝ ይችላል፤ ቅደም ተከተሉም ይዛባል።

የሚሻለው ከማከፋፈል በፊት ማበጠር ነው። ከማሽን ወደ ማሽን በኔትወርክ መጓዝ ውድ ነውና፣ ያልተሳካ ሙከራና ማንም የማያየው ዝርዝር ገና ከምንጩ ይቅር። ለነጋዴው የዕለት ድምር ደግሞ ቅደም ተከተል አያስፈልግም፤ ቁልፉን ለአሥር ሸንሽኖ፣ ለየብቻ ደምሮ፣ መጨረሻ ላይ አሥሩን መደመር ይበቃል። ቀሪ ሂሳብ ላይ ግን ይህ አይሞከርም።

የትኛው ገለባ፣ የትኛው ፍሬ እንደሆነ የምታውቀው ሂሳብ ክፍል ያለችው ሠራተኛ ናት። ሲስተሙ ሲነደፍ ግን ስብሰባው ላይ አልተጠራችም።