ከመርካቶ ጀርባ ያሉ መንደሮች

መርካቶን ያልረገጠ የአዲስ አበባ ሰው አይገኝም፤ ከክፍለ ሀገር የመጣውም እንግዳ ለልጆቹ ልብስ፣ ለቤቱም ዕቃ ሳይገዛበት አይመለስም። ይሁን እንጂ ገበያተኛው የሚያውቀው ሱቁንና ተራውን ነው። ከሱቆቹ በስተጀርባ፣ በቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ በተጨናነቁት መንደሮች የሚኖረውን ሕዝብ ልብ ብሎ የሚያየው ጥቂት ነው። በዚህ ወር ጽሑፋችን አንባብያንን በእነዚያ ጠባብ መንገዶች ልናዘዋውር አስበናል።

ገበያው በቀድሞ ዘመን በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይውል ነበር። ጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባን በያዙበት ጊዜ፣ የአገሬው ሰው ከነጮች ተለይቶ እንዲገበያይ ሲሉ ወደ ምዕራብ አዛወሩት፤ መርካቶ ማለትም በቋንቋቸው ገበያ ማለት ነው። ጠላት ሲወጣ ገበያውም ስሙም በዚያው ቀረ። ነጋዴውን ተከትሎ ተሸካሚው፣ ልብስ ሰፊው፣ ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ከጉራጌ፣ ከጎጃም፣ ከሸዋና ከወሎ እየመጣ ሰፈረ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት በሆነ ጊዜ ኪራዩ ለድኻው ቀለለ፤ ቤቱን የሚያድስ ግን ጠፋ። ልጅ ተወለደ፣ ዘመድ መጣ፣ ግድግዳው ግን አልሰፋም። በመጀመሪያ ቆጥ ተሠራ፤ ቆጡም ሲሞላ ኑሮው ወደ ደጅ ወጣ።

ስለዚህ በእነዚህ መንደሮች መንገዱ ከቤቱ ክፍሎች እንደ አንዱ ነው። ገና ሳይነጋ የቅዳሴው ደወል ሲሰማ ነጠላቸውን መስቀለኛ ያጣፉ እናቶች የቦዩን ዳር ዳር ይዘው ይሄዳሉ፤ ከአንዋር መስጊድም የሶላቱ ጥሪ ይሰማል፤ ጎረቤትና ጎረቤት በየፊናው ሲወጣ በዚያች ስንዝር በምታህል መንገድ ላይ «እንዴት አደራችሁ» ይባባላል። ፀሐይ ስትወጣ በየደጁ ከሰል ይያያዛል፤ ልብስ በሳፋ ይታጠባል። ተማሪውም ክፍሉ ስለሚጨልምበት ደብተሩን በጉልበቱ አስደግፎ ደፍ ላይ ተቀምጦ ይጽፋል። መምህራን የልጆቹን የእጅ ጽሕፈት ከመንቀፋቸው በፊት ይህን ደፍ ቢያዩት መልካም ነው።

በመንገዱ መጋጠሚያ ጉሊት የሚቸረችሩት ሴቶች ይቀመጣሉ። ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙና ቃሪያው በመደብ በመደብ ተከምሯል። አንዲት ሕፃን ሣህን ይዛ ትመጣና «እትዬ፣ እማዬ ቅዳሜ እሰጣለሁ ብላለች» ትላለች። «ይሁን የኔ ልጅ፤ ቃሪያም ጨምሬልሻለሁ። ቶሎ ሂጂ፣ ወጡ እንዳያርር።» ወረቀት የለም፣ ፊርማም የለም፤ የመንደሩ ዱቤ ሁሉ በዚያች ሴት ልብ ተጽፏል። በዐቢይ ጾም ደግሞ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚወጣ ግብይቱ ወደ ማታ ይሸሻል፤ ከጉሊቱም አጠገብ ሱፍና ተልባ የምትሸጠው ትበዛለች።

ረፋድ ላይ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ቃሉ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጥሪ በመቸኮል ብዛት አጥሮ የቀረ ነው። ይህ ሰው አሮጌ ብረት፣ ጣሳና ጠርሙስ ሰብስቦ ወደ ምናለሽ ተራ ይወስዳል፤ በዚያ ጣሳው ይቀጠቀጥና ምድጃ ይሆናል፤ ምድጃውም ተገዝቶ ወደዚያው መንደር ተመልሶ ቡና ይፈላበታል። ቤተሰብ የጣለው ነገር እንዲህ ሳይባክን ሲዞር ያየንበት ሌላ ስፍራ ጥቂት ነው።

ይሁንና ኑሮውን አሳምረን ብቻ ብንጽፍ ነዋሪዎቹን መበደል ይሆናል። ብዙ ቤተሰብ በአንድ መጸዳጃ ቤት ይጠቀማል፤ ክረምት በገባ ቁጥር ቦዩ ሞልቶ ወደ ደፉ ይፈሳል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ እሳት በተነሣ ጊዜም የመንገዱ መጥበብ የእሳት አደጋ መኪኖችን ሥራ እጅግ አክብዶት ነበር። መንደሩ ይታደስ የሚሉት ሰዎች በከንቱ አይናገሩም።

ነገር ግን የዚህ መንገድ ዋና አገልግሎቱ የሚታወቀው ሰው የሞተ ዕለት ነው። በንጋት የዕድሩ ጥሩምባ ይነፋል፤ ለፋፊው የሟቹን ስም እየጠራ ያልፋል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ድንኳኑ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተወጥሮ መንገዱን ይዘጋል፤ መኪና ይዞ የመጣውም ድንኳኑን አይቶ ምንም ሳይል ወደ ኋላ ይመለሳል። አግዳሚው፣ ብረት ድስቱና ሣህኑ ከዕድሩ ቤት ይወጣል። ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ዕድር ስለሚኖሩ ንፍሮውና ሽሮው ለሁሉ ይሆናል። ሐዘንተኛው እስከ ሠልስት ብቻውን አይተውም። ለእንግዳ የሚበቃ ቦታ የሌላት ባለ አንድ ክፍል ቤት በዚያ ቀን ሁለት መቶ ሰው ታስቀምጣለች።

ቤት ሲለካ ግን ይህ ክፍል አይለካም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኮንዶሚኒየም በከተማዋ ዳርቻዎች ሲሠራና በዕጣ ሲታደል ብዙዎች ውሃው በቤታቸው፣ መጸዳጃውም ለብቻቸው ሆኖላቸዋል፤ ይህም ታላቅ ነገር ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ አካባቢ እነ ዶሮ ማነቂያና ሠራተኛ ሰፈር ሲፈርሱም ነዋሪው ወደ ልዩ ልዩ ስፍራ ተዛወረ። ዕጣ ግን ጎረቤትን አይጠብቅም፤ በአንድ ድንኳን ሥር ያለቀሱት አንዱ በምሥራቅ፣ ሌላው በደቡብ ዳርቻ ይወድቃል። በአራተኛ ፎቅ የሞተባት ሴት ደረጃውን ወርዳ የማታውቀውን ሰው ድንኳን የት እንደሚተከል ትጠይቃለች። በአንዳንዱ ግቢ የጋራ ቤት አለ፤ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ግን ሁሉ አያውቅም። ሰውን ለማዛወር የሚወስኑ ሹማምንት የዕድሩን መዝገብ አስቀድመው ተመልክተው በአንድ ዕድር የኖሩትን በአንድ ሕንጻ ቢያሰፍሩ ምን ወጪ እንደሚጨምር አይታየንም።

እስከዚያው ድረስ ከራጉኤል መንደሮች የወጡ እናቶች ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ በቅዱስ ራጉኤል ወርኃዊ በዓል፣ ሁለት ሦስት ታክሲ ለውጠው ይመጣሉ። ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቀድሞው መንደር ጎራ ብለው የዕድር መዋጮአቸውን ይከፍላሉ። ከከፈሉም በኋላ ቶሎ አይነሡም፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ማን እንደ ወለደች፣ ማን እንደ ታመመ ይጠይቃሉ። በደጁ ጀበናው ተጥዷል፤ ገና አቦሉ ነው።